የቡላዋ ጥም

ቡላዋ ጠጪ ናት። መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ቡላዋ የሚሏት የጋቢና የነጠላ ነጋዴውን የምንይሉን አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ዕድሜዋ ከብዙ ባለሱቆች ልጆች ይበልጣል፤ ቀለሟ እንደ ገበያ አህያ ቡላ ነው፤ ዳገት ብታሳያት ግን እንደ አህያ አትለግምም። ምንይሉ በየገበያው፣ ፍቼም ደብረ ብርሃንም፣ ጋቢ እያከፋፈለ ሰው የሆነው በእሷ ጀርባ ነው። ድሮም ናፍጣ የምትጠላ አልነበረችም። ዘንድሮ ግን ባሰባት። ጠዋት ጠግባ ወጥታ ማታ ተርባ ትገባለች። ናፍጣ ደግሞ የዛሬው የድሮው አይደለም። ዋጋውን ቢችሉት ሰልፉ አይቻልም፤ ማደያ ደጅ ተሰልፎ መዋል ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

«ምን ሆና ነው?» ይላል ምንይሉ ማታ ማታ፣ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ።

«ከበዳት ጋሼ» ይላል ሾፌሩ ሀያቱ።

«ምን ከበዳት? ጋቢ ነው የጫነች። ጋቢ ይከብዳል?»

ሀያቱ ትከሻውን ሰብቆ ዝም ይላል። ምንይሉን ያልጣመው ይሄ ዝምታው ነው። ንጹሕ ሰው ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ይሟገታል። ዝም የሚል ሰው ሆዱ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ነው።

ምንይሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ጾሙን አይሽርም፤ ተክለ ሃይማኖትን ሳይሳለም ሱቁን አይከፍትም፤ የነዳይ እጅ ባዶውን አይመልስም። ብቻ መጠርጠርን ከብልህነት ይቆጥረዋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይኖራል ስንጥር» የምትለዋን ተረት ከአባቱ ሲወርስ ገንፎውን ትቶ ስንጥሯን ብቻ ነው የወረሰው፣ ይሉታል ጎረቤቶቹ።

መርካቶ ውስጥ መኪና አቁሞ ዞር ማለት ለእሱ በግን ለቀበሮ አደራ ሰጥቶ እንደ መሄድ ነው። እናም አንድ ነገር ተሰረቀ የሚል ወሬ በሰማ ቁጥር ቡላዋ ላይ ብረት ይጨምራል። የእገሌ መኪና መብራት ተነቀለ ሲባል፣ የቡላዋ መብራቶች በፌሮ ፍርግርግ ታጠሩ። የእገሌ ስፖኪዮ ሄደ ሲባል፣ የቡላዋ ስፖኪዮ መስተዋት ላይ የታርጋዋ ቁጥር በትልቁ ተቀረጸ። መጠባበቂያ ጎማዋ በወፍራም ሰንሰለት ከኋላ በሯ ጋር ታሰረች፤ ምናልባት ከነሰንሰለቷ ብትሰረቅስ ተብሎ ደግሞ ሌላ ጎማ ከውስጥ ተጫነ። ጣሪያዋ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ እንዳይነቀል በማዕዘን ብረት ከጎንና ከጎኗ ተበየደ። ሌቦች ታንከር ከሥር እየነደሉ ናፍጣ ይቀዳሉ ሲሉት፣ ሆዷ ላይ የድልድይ ያህል የወፈረ ላሜራ ተለጠፈባት።

ከሁሉም የኋለኛው የመቆለፊያዎቹ ነገር ነበር። እንደ ቡላዋ ባሉ አሮጌ መኪኖች የፊት ጎማ መሃል ላይ በእጅ የምትዞር ትንሽ መቆለፊያ አለች። ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ ወርዶ ይቆልፋታል፤ ያኔ የፊት ጎማዎችም መጎተት ይችላሉ። አስፋልት ሲደረስ ወርዶ ይፈታታል። ክረምት ላይ ከምንይሉ እናት ተዝካር ከጎጃም ሲመለሱ ዝናቡ እስከ ከተማ ተከትሏቸው ነበርና መቆለፊያዎቹ ሳይፈቱ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጎረቤት ከቆመ መኪና ላይ ይህችው መቆለፊያ ተነቅላ ተወሰደች ተባለ። ምንይሉ ቁርስ እንኳ አልቀመሰም፤ ቡላዋን በቀጥታ ምን አለሽ ተራ ወዳለ በያጅ አስነድቶ ሁለቱንም በብረት ክዳን አስደፈናቸው። ሀያቱ ያኔ ከበያጁ ጎን ቆሞ የሆነ ነገር ሲናገር ነበር። ምንይሉ ነገሩን አላዳመጠም። መናገሩን ብቻ ልቡ ውስጥ አስቀመጠ። እንዳይሰረቅ የሚደረግን ነገር የሚቃወም ሰው ለምን ይቃወማል?

ከዚያ በኋላ ነው ጥሟ የባሰው።

ምንይሉ መጀመሪያ ማደያውን ጠረጠረ። ማደያ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ በናፍጣው ክዳን ላይ ቁልፍ አስገጠመና መክፈቻውን ከማተቡ ጋር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ናፍጣ ሲቀዳ ራሱ ቆሞ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ቡላዋ እንደ ድሮዋ ጠጣች። እንግዲህ ከላይ ካልሆነ ከሥር ነው አለ ልቡ። ከሥር ደግሞ ላሜራ አለ። እንግዲህ ላሜራውን አልፎ የሾለከ እጅ አለ። ማን ነው ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር የሚውለው? ደግሞም ጭነት ሲጫንና ሲራገፍ ሀያቱ ከመሪው እንዳይነሳ፣ ሞተርም እንዳያጠፋ የታዘዘው በራሱ በምንይሉ ነው። «የጠፋ ሞተር ሬሳ ነው፤ ሁሉም ይገፈዋል» ይል ነበር። አሁን ግን ያ ትእዛዙ ራሱ አሳሰበው። ሰውየው ብቻውን፣ ቡላዋ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ሲያደርግ ይውላል?

አንድ ዓርብ ቀን ሀያቱ ከቡላዋ ኋላ ቢጫ ጀሪካን አውጥቶ፣ በፎጣ ሸፍኖ፣ ግራ ቀኝ እያየ ሲሄድ ምንይሉ ከሱቁ ውስጥ አየው። ነጠላውን ተከናንቦ ተከተለው። ሀያቱ በጣቃ ሻጮቹ መሃል ተሽሎክልኮ ወደ አንዋር መስጊድ አቅጣጫ አቀና። ከአንድ አጥር ጥግ ሲደርስ ፎጣውን ገለጠ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ከጀሪካኑ እያንቆረቆረ ፊቱን ታጠበ፤ እግሩን ታጠበ። ያን ሰሞን መርካቶ ውሃ ጠፍቶ ነበርና ለሶላቱ ውዱእ ውሃውን ከቤቱ ይዞ መምጣቱ ነው። ግራ ቀኝ ያየውም ለማኝ እንኳ ሳይቀር ውሃ ስጠኝ ስለሚለው ነበር።

ምንይሉ አፈረ። ለራሱ በስመ አብ ብሎ አማተበ። ሱቁ እስኪደርስ ግን እፍረቱ መንገድ ላይ አለቀ። «ዛሬስ ውሃ ነው» አለ በሆዱ። «የትናንቱን ማን አየ?»

ሰው የጠረጠረውን ሆዱ ውስጥ ቢይዘው ቁስሉ የራሱ ብቻ ይሆን ነበር። ምንይሉ አልያዘውም። ሲኒማ ራስ ጋ፣ ሾፌሮች ተሰብስበው ሻይ በሚጠጡበት፣ አንዱ «ጋሼ፣ ቡላዋ ዛሬም ጠማት?» ብሎ ሲተርበው፣ ስኒውን ሳያስቀምጥ «እሷን አይደለም የጠማት። እኔ እቀዳለሁ፣ ሌላው ቤቱን ይሠራል» አለ። ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው የሳቀ አልነበረም። በመርካቶ የሾፌር ስሙ መንጃ ፈቃዱ ነው፤ አንዴ በናፍጣ ከተጠራ ቁልፍ የሚሰጠው የለም።

በማግስቱ ሀያቱ የቡላዋን ቁልፍ የሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ጎን ለጎን ነጠላ የሚሸጡት እትዬ ሠርኬ ክር እየቋጩ ነበርና አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ጋሼ፣ ሲኒማ ራስ ላይ ያሉትን ሰማሁ።»

«ስምህን ጠርቻለሁ?»

«ቡላዋን ጠርተዋል። ቡላዋን የሚነዳ ሌላ ማን አለ?»

«ከሌለህበት ምን አስቆጣህ?»

«ዝም ስል ሌባ፣ ስናገር ሌባ። የቱን ልሁንልዎ?»

ምንይሉ ይህን ቀን ሲጠብቀው ኖሯል። «እንግዲያው ማልልኝ» አለ። «አንዋር ደጅ፣ ቁርአንህን ይዘህ። ከማልክ ሁለተኛ አላነሳብህም።»

ሀያቱ ፊቱ ጠቆረ። «እምላለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ከማልኩ በኋላ የእርስዎን መሪ አልነካም። የሌላውንም ማንም አያስነካኝም። በናፍጣ ማለ ከተባለ በኋላ ማን ያምነኛል? ልጆቼን ይዤ አገሬ ወልቂጤ መግባት ነው።»

እትዬ ሠርኬ ክሩን አስቀመጡ። በዕድሜ የገፉ፣ ለወሬ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው፤ ተራው ውስጥ ጠብ ሲነሳ መጨረሻ ላይ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«ቆይ አንተ ልጅ» አሉት ምንይሉን። «መሐላ ሰው ሊያየው ለማይችለው ነገር ነው። ያኔ እግዜር ይየው ይባላል። ይሄ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ዓይንህን ሳታደክም እግዜርን ልታደክም ነው?»

«እና ምን ላድርግ እትዬ?»

«ራስህ ንዳት። ብቻህን። ራስህ ቅዳ፣ ራስህ ቆልፍ፣ ፍቼ ደርሰህ ና። ካልጠጣች እኔ ራሴ አንዋር ደጅ ድረስ ሄጄ አስምለዋለሁ። ከጠጣች...» አሉና ዓይናቸው አንገቱ ላይ ዐረፈ። «ከመስቀልህ ጎን ያንጠለጠልከው ምንድነው?»

«የናፍጣ ቁልፍ ነው።»

«እሱን ነው የምታማትብበት?» ብለው ክራቸውን አነሱ።

ምንይሉ ቅዳሜ ማለዳ ወጣ። ናፍጣውን ከአፍ እስከ ገደፏ ቀዳ፣ ክዳኗን ቆለፈ፣ ቁልፉን ደረቱ ላይ አደረገ። የሱሉልታን መንገድ ሲይዝ ቡላዋ እንደ ነፍሰ ጡር አቃሰተች፤ መሪዋም ከበደው። ዱሮ ሲነዳት እንዲህ አልነበረችም፤ ግን ዱሮ እሱም ጎረምሳ ነበር። ፍቼ ገበያ ላይ ጋቢውን ሲያስረክብ ከመሪው አልተነሳም፤ ሞተሩንም አላጠፋም። ደንበኞቹ በመስኮት ያናግሩታል። «ጋሼ ምንይሉ፣ ውረዱ እንጂ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ቢሉት እዚያው ቁጭ እንዳለ ዳቦውን ገመጠ።

ሲመለስ ጫንጮን እንዳለፈ የናፍጣው መለኪያ ቀስት መተኛት ጀመረች። ጥጉን ያዘና ቆመ። ከኋላው ማንም የለም፤ ከጎኑ ማንም የለም። ቀስቷ ግን ሀያቱ ሲነዳት ከምትተኛበት ቦታ ተኝታለች። ስፖኪዮውን አየ። ከመስተዋቱ ውስጥ የራሱ ፊት አፈጠጠበት፤ የታርጋው ቁጥር ግንባሩ ላይ ተቀርጾ፣ ፖሊስ ጣቢያ ፎቶ የተነሳ ሰው መስሏል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይበቃው ነበር። ምንይሉ ግን ሰፈሩ እስኪደርስ ሌላ ጥርጣሬ አገኘ። ድብቅ ቱቦ ቢኖርስ? ላሜራው ሥር፣ መንገድ ለመንገድ እያንጠባጠበ የሚያፈስ፣ ሆን ተብሎ እሱን ለማታለል የተሠራ? ሰኞ ጠዋት ቡላዋን ምን አለሽ ተራ ወስዶ የበያጁ የሙስአብ ሱቅ ፊት ለፊት አቆማት። ዙሪያው መዶሻ በመዶሻ ነው፤ ከበርሜል ምድጃ፣ ከቆርቆሮ ጣሳ ይቀጠቀጣል።

«የሆዷን ላሜራ አንሳልኝ» አለው።

ሙስአብ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ለማስለጠፍ ከፍለው ነበር፤ ለማስፈታትም ሊከፍሉ ነው? እንደርስዎ ያለ ደንበኛ አላህ ያብዛልኝ።»

ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ብረት መቁረጫው ጮኸ፤ የእሳት ብናኝ ተረጨ፤ ላሜራው መሬቱን አንቀጥቅጦ ወደቀ። ምንይሉ በነጭ ሱሪው ተንበርክኮ አንገቱን አስገባ። ታንከሩ ደረቅ ነው። በእጁ ዳበሰው፤ ጣቱን አሸተተ።

«ቱቦውስ?»

«የምን ቱቦ? እንኳን ቱቦ ትንኝም አልገባበት።»

ምንይሉ ተነሳና ቡላዋን ዞራት። የሚጠረጥረው ነገር እያለቀበት ነበር። «የፊት ጎማዎቿንም ክፈት» አለ።

«እዚያ ምን ይፈልጋሉ? ናፍጣ ጎማ ውስጥ አይደበቅ።»

«ክፈት አልኩህ።»

ክዳኑ ተቆርጦ ወደቀ። ሙስአብ ዝገቱን በጨርቅ ጠረገና ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ ወደ ምንይሉ ዞረ። «ጋሼ፣ ይቺ ተቆልፋ ነው እኮ ያለችው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከበየድኳት ቀን ነዋ። ሾፌርዎ መጀመሪያ ትፈታ፣ እንዲህ ከታሸገች የፊቱ ጥርስና ዘንግ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ናፍጣ ይፈጃል ብሎ ለምኖኝ ነበር። እርስዎ እንዳለች በይዳት አሉኝ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምበይደው።»

ምንይሉ ያን ጠዋት አስታወሰ። ሀያቱ ከበያጁ ጎን ቆሞ እጁን እያወራጨ ሲናገር ታየው። አፉ ሲንቀሳቀስ ታየው። ከቃሉ አንዱን እንኳ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። አላዳመጠማ።

«ሌላውንም አውርድ» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«የቱን?»

«ሁሉንም።»

ፍርግርጉ ወረደ፤ ሰንሰለቱ ወረደ፤ ትርፍ ጎማው፣ ማዕዘን ብረቱ፣ ፖርቶመጋላው ሳይቀር ወረደ። ፊት ለፊት ያለው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሚዛኑን እየገፋ መጣ። ብረቱ ሲቆለል የሚዛኑ ምላስ ሄዳ ሄዳ ጥጉን ነካች፤ ነጋዴው ግማሹን አንስቶ እንደገና መመዘን ነበረበት።

«ሙሽራና ሚዜዎች ነው እንዴ ይዘው የሚዞሩት?» አለ ሙስአብ። «ይሄ እኮ የሦስት ወፍራም ሰው ክብደት ነው። ጋቢው ምን ቸገራት።»

ከበዳት ጋሼ። ስንት ማታ ነው ይህን ቃል የሰማው? ምንይሉ ማተቡን ወደ ላይ ስቦ በጥርሱ ቋጠሮውን ፈታና የናፍጣውን ቁልፍ ከክዳኑ ጓጉንቸር ጋር ክምሩ ላይ ጣለው። የሚዛኑ ምላስ አልተንቀሳቀሰችም። ማተቡን መልሶ አሰረ።

ፍቼ እንደገና ሄደ። ጎማዎቿን በደንብ አስነፋ፤ መቆለፊያዎቹን ራሱ አዙሮ ፈታ። ገበያው ላይ እንደ ደረሰ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ደንበኛው ቤት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ሽሮ ሲበላ ዓይኑ ከቡላዋ አልተነሳም፤ አንድ ሰው መከለያዋን ተደግፎ ሲያወራ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ከአግዳሚው ብድግ አለ። ሰውየው አውርቶ ሄደ። ሲመለስ ጫንጮን አለፈ፤ ሱሉልታን አለፈ፤ ቀስቷ ገና ቆማለች። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ነገር ግን ቀስቷ ቆማ በቆየች መጠን ሀያቱ እየነጻ፣ እሱን እየከበደው መጣ።

«አልጠጣችም» አላቸው ለእትዬ ሠርኬ።

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«ሀያቱን አስጠርቼ ይቅርታ ልበለው እዚህ?»

«እዚህ ነው ያዋረድከው?»

ምንይሉ ቡላዋን እየነዳ ወደ ሲኒማ ራስ ወረደ።

ሀያቱ ከሾፌሮቹ ገለል ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሰሞኑን የቀን ሥራ እንኳ የሰጠው አልነበረም። ቡላዋ ያን ሁሉ ብረቷን አራግፋ፣ የበያጅ ጠባሳዋ እየታየ ስትመጣ ሁሉም ዞሮ አያት።

«ጋሼ ምንይሉ፣ ልብሷን ማን ገፈፋት?» አለ ያው ተራቢው ሾፌር። «ዛሬስ ማን ጠጣብዎ?»

«እኔ» አለ ምንይሉ።

ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ወደ ሁሉም ዞሮ ቆመ። «ባለፈው እዚህ ቆሜ ያልኩትን ሰምታችኋል። ሀያቱ አንዲት ጠብታ አልነካብኝም። ብረት ጭኜባት፣ ጎማዋን ቆልፌ አስበይጄ፣ ሞተር አታጥፋ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስጮኻት፣ ጠጪው እኔ ነበርኩ። ሌባ ያልኩት ሰው ነግሮኝ ነበር።»

ከሾፌሮቹ አንዱ አጎነበሰ፤ ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ። ሀያቱ ከግድግዳው አልተላቀቀም።

«ከበዳት ብዬዎት ነበር» አለ።

«ብለኸኛል።»

«ስንቴ?»

«በየማታው።»

ሀያቱ ቀስ ብሎ መጣ። ወደ ምንይሉ አልሄደም፤ ወደ ቡላዋ የፊት ጎማ ሄዶ ቁጢጥ አለና መቆለፊያዋን በጣቱ ነካ። «ማን ፈታት?»

«እኔው። ሁለቱንም።»

ሀያቱ ተነስቶ በቡላዋ አፍንጫ በኩል ወደ ሌላው ጎማ ዞረ።

«ሁለቱንም አልኩህ። አታምነኝም?»

«እስቲ ልያት ጋሼ።»

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ምንይሉ ቆሞ ጠበቀ። ሀያቱ አየ፣ ዳበሰ፣ እጁን ጠራረገ። «እስከ መጪው በዓል እነዳልዎታለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

«እሺ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቃለህ።»

ሀያቱ እየነዳ ሸማ ተራ ሲደርሱ የበዓል ግፊያ ነበር። ተሸካሚው «ዞር በሉ» እያለ ያልፋል፤ ነጠላ መራጩ መንገዱን ዘግቷል። ምንይሉ ወረደና «ጋቢውን ላስወጣ» ብሎ ወደ ሱቁ አቀና። ደፉን ሲረግጥ ከኋላው የቡላዋ ሞተር ጠፋ።

ያ ሁሉ ጫጫታ እያለ እሷ ዝም ማለቷ ብቻ ነው የተሰማው። አንገቱ ሊዞር ፈለገ። ስንት ሰው ያልፋል፤ ስንት እጅ አለ። ጣቱ እንደ ለመደው ወደ ማተቡ ሄዶ ቁልፉን ፈለገ። መስቀሉን ብቻ አገኘ። እሱኑ ጨብጦ፣ ሳይዞር፣ ገባ።